መንዝን በየትኛው ፊደል እንፈልገው?

ስለ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. አሥር የካታሎግ ቅጾች የቀረበ ሂስ

በዚህ ቡለቲን ገጾች ላይ ልብ ወለዱም፣ ግጥሙም፣ ቴአትሩም የድርሻቸውን ሂስ ቀምሰዋል። ካታሎግን ግን ሐያሲ ዞር ብሎ አያየውም። ካታሎግ ቁልፍ ነው፤ በሩን ከከፈቱበት በኋላ ኪስ ይገባል፤ ማን ቁልፍ ያነባል? ይባላል። ይህ አነጋገር ቁልፉን በላቡ ለሠራው ሰውም፣ ቁልፉ አልከፍት ላለው ሰውም ፍርደ ገምድል ነው። ካታሎግ ደራሲ አለው። ደራሲው አንዱን መጽሐፍ ከሌላው ጎን ሲያስቀምጥ፣ ለአንዱ ሦስት ገጽ ለሌላው ሦስት መሥመር ሲሰጥ፣ አገሩን በአንድ ስም ጠርቶ በሌላው ስሙ ሳይጠራው ሲቀር ፍርድ መስጠቱ ነው። ፍርድ ካለ ደግሞ ሂስ ሊኖር ግድ ነው።

ለዛሬ የያዝነው ጉዳይ በፊልም ተነሥተው የተመዘገቡት የኢትዮጵያ ብራናዎች ዝርዝር ነው፤ በተለይም ከሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ወገን የሆኑት። ጥያቄው አንድ ነው። ከማማ ምድር ወይም ከላሎ ምድር የወጣ አንድ ሰው፣ የደብሩ አለቃም ይሁን የእኛ ጓደኛ ተማሪ፣ «የእኛ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ በዚያ መዝገብ ውስጥ አለን? ካለስ የት ነው?» ብሎ ቢነሣ ያገኘዋል ወይ? መልሱ ቀላል ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት ባላባከንን ነበር።

በመጀመሪያ ስለ ሥራው። (ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክ፣ አሜሪካ በሚኔሶታ የሚገኘው የኮሌጅቪል የገዳም ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። ሥራው በእንግሊዝኛ ስሙ ምሕጻር ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. እየተባለ ይጠራል። ከፊልሙ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ይቀራል፤ አንዱ ኮሌጅቪል ይሄዳል። ሥራው ሲጀመር ዘውድ ነበር፤ በዓመቱ ዘውድ ወደቀ፤ ፊልሙ ግን መነሣቱን ቀጠለ። በጠቅላላው ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ ብራና ተነሥቷል። ይህ ሁሉ የሆነው አገሩ በጦርነት፣ በረሐብና በስደት በሚታመስበት ዘመን መሆኑን ያስታወሰ ሰው ከመተቸቱ በፊት ባርኔጣውን ያነሣል። እኛም አንሥተናል።

የካታሎጉ የመጀመሪያ ቅጽ በ1975 ወጣ። ከቁጥር 1 እስከ 300 ያሉትን ይይዛል። ሁለተኛው በ1976፣ ሦስተኛው በ1978። የእነዚህ አዘጋጅ ዊልያም ማኮምበር ነበር። አራተኛው በ1979 ሲወጣ የጌታቸው ኃይሌ ስም ብቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ አንዳንዱን ሁለቱ አብረው፣ የቀረውን ፕሮፌሰር ጌታቸው ብቻቸውን ሠርተውት አሥረኛው ቅጽ በ1993 ታተመ። አሥረኛው ቁጥር 5000 ላይ ያቆማል። ከዚያ በላይ ያሉት ብራናዎች በእነዚህ ቅጾች አልገቡም። ስለዚህ ከወዲሁ ልብ እንበል፤ አሥሩን ቅጽ ከዳር እስከ ዳር ያገላበጠ ሰው እንኳ ያየው ከተነሣው ፊልም ገሚሱን ትንሽ አለፍ ቢል ነው።

ፕሮፌሰር ጌታቸው የሸዋ ሰው ናቸው፤ የሸንኮራ ተወላጅ። በ1968 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በጥይት ቆስለው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ ለሕክምና ከአገር ወጡ፤ ከ1976 ጀምሮ ኮሌጅቪል ተቀምጠው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው የአገራቸውን ብራና አንድ በአንድ አነበቡ። በ1988 የማክአርተርን ሽልማት አገኙ፤ በ2021 አረፉ። ይህን የማነሣው ለማዘን አይደለም። እኒህ ሰው ሊሄዱባቸው ከማይችሉ ደብሮች የመጡ መጻሕፍትን በፊልም ማንበቢያ መብራት ሲያነቡ የሚሠሩት ሥራ ከመቁጠር ያለፈ መሆኑ ከራሱ ከካታሎጉ አጻጻፍ ስለሚታይ ነው።

እንዴት ይታያል? አንዱን ገለጻ እንውሰድ፤ የታወቀውን ዓይነት፣ ተአምረ ማርያምን እንበል። ከላይ ቁጥሩ ይቀመጣል። ቀጥሎ መጽሐፉ የተገኘበት ደብር፣ አውራጃና ክፍለ ሀገር። ከዚያ ቆዳው፣ ቁመቱና ስፋቱ በሴንቲሜትር፣ የቅጠሉ ብዛት፣ ጽሑፉ በስንት ዓምድ እንደወረደ፣ በዓምዱ ስንት መሥመር እንዳለ፣ የተጻፈበት ዘመን። ይህ ሁሉ የልብስ ሰፊ ልኬት ነው፤ ማንም ጨዋ ሠራተኛ ሊያደርገው ይችላል። ችሎታው የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው። ተአምራቱ አንድ በአንድ ይለያሉ። ማኮምበር የማርያምን ተአምራት ከልዩ ልዩ ብራናዎች እየለቀመ ከ600 በላይ የሆኑትን በቁጥር አስቀምጧቸዋል። እንግዲህ ተአምሩ በአንዱ ብራና መጀመሪያ፣ በሌላው መጨረሻ ቢገኝም፣ አንዱ ጸሐፊ አሳጥሮት ሌላው አርዝሞት ቢጽፈውም ያው አንድ ቁጥር ይከተለዋል። የፊደሉን ልብስ ቢለውጥም ሰውየው ያው ነው። በዓለም ላይ ስለ መረጃ ፍለጋ የሚመራመሩ ሰዎች ከሚደክሙበት ነገር ዋናው ይኸው ነው፤ ሁለት የማይመሳሰሉ ጽሑፎች አንድ ነገር መሆናቸውን ማወቅ።

ከተአምሩ ወጥተው ወደ ኅዳጉ ሲመጡ ደግሞ ፕሮፌሰር ጌታቸው ይበልጥ ይገለጣሉ። በብራና ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ የሚጻፈውን የምናውቀው እናውቀዋለን። የመሬት ስጦታ፣ የርስት ክርክር ፍጻሜ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የተሰጠ ጽናና ጽዋ፣ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰውና የሚስቱ ስም፣ የክርስትና ስማቸው፣ አንዳንዴ የጸሐፊው የደከመ እጅ ልመና። በመጨረሻም መጽሐፉን የሰረቀውንም ስሙን የፋቀውንም በአንድነት የሚያወግዝ ቃል። (ሌባውና ፋቂው እኩል መወገዛቸው ያስደንቃል፤ የደብራችን ሊቃውንት ስም የጠፋበት መጽሐፍ ራሱም እንደ ጠፋ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።) የድሮዎቹ አውሮፓውያን ካታሎግ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ዓይናቸው ያረፈው በዋናው ድርሰት ላይ ነበር። ጌታቸው ግን ኅዳጉን እንደ ድርሰቱ ያነቡታል። ሸዋን ያደገበት ሰው ስለሆኑ የባላገሩ የርስት ቋንቋ አይጠፋባቸውም።

እዚህ ድረስ ምስጋና ነው። አሁን ወደ ጠቡ።

ካታሎጉ የተደረደረው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ፊልሙ በተነሣበት ተራ የተሰጠ ነው። ዛሬ ከአንድ ደብር መጥቶ የተነሣው መዝሙረ ዳዊት ነገ ከሌላ አገር መጥቶ ከተነሣው ገድለ ተክለ ሃይማኖት ጎን ይቆማል፤ ዝምድናቸው የካሜራው ወረፋ ብቻ ነው። ይህ ነገር መጥፎ ነው ብዬ አልፈርድም፤ አማራጩንም እናውቀዋለንና። በ1877 በለንደን የወጣው የዊልያም ራይት ካታሎግ፣ ማለትም በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት መጻሕፍት የሚበዙበት ዝርዝር፣ በዓይነት የተደረደረ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ከፊት፣ ቅዳሴና ጸሎት፣ ድርሳናት፣ ገድላት፣ ታሪክ፣ እስከ አስማቱ ድረስ። ያምራል፤ ሥርዓት አለው። ነገር ግን ከመቅደላ በፊት መጽሐፉ የማን ደብር እንደነበረ የሚጠይቀው ሰው ይህ ያማረ ቤት በር አልሠራለትም። መጽሐፉ ከአገሩ ተነቅሎ በዓይነቱ ጎን ሲቆም ሌላ ነገር ሆኗል፤ የለንደን ሆኗል። የእነማኮምበር ቁጥር ቢያንስ እንዲህ ያለውን ውሸት አይዋሽም። ሥርዓት የለኝም ብሎ ይጀምራል።

ደግሞስ የእኛ ሊቃውንት ያለ ሥርዓት ኖረው ነው? ኧረ በጭራሽ! በመጻሕፍት ቤት ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት የሚባሉ አራት ጉባኤያት አሉ፤ መምህሩ የሚለየው በዚያ ነው። የዜማው ቤት ድጓውን፣ ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉን፣ ዝማሬና መዋሥዕቱን በየራሱ ወንበር አስቀምጧል። ይህ ክፍፍል መጽሐፉ ስለ ምን እንደሚናገር ብቻ ሳይሆን ማን፣ የት፣ በየትኛው ጊዜ እንደሚገለገልበት ይነግራል። በዕቃ ቤቱም ገበዙ መጻሕፍቱን በማኅደራቸው አድርጎ ከግድግዳው ላይ ሲሰቅል የትኛው ለዕለት፣ የትኛው ለዓመት በዓል እንደሚወርድ ያውቃል። ከዚህም አልፎ ብዙ ደብሮች ያላቸውን ንዋየ ቅድሳትና መጽሐፍ ቁጥሩን ከወንጌላቸው ባዶ ቅጠል ላይ ጽፈውታል። አገርኛ ካታሎግ ከተባለ ይኸው ነው። ስፋቱ የአንድ ደብር፣ አንባቢው የዚያው ደብር ሰው፣ ጥያቄውም «ምን አለን? ምን ጎደለብን?» የሚል ነው።

የኮሌጅቪል ካታሎግ የሚመልሰው ሌላውን ጥያቄ ነው፤ «ይህ ጽሑፍ ምንድነው? ሌላ ቅጂውስ የት አለ?» ይህን ሲመልስ እንከን አይወጣለትም። ሐምቡርግ ወይም ፕሪንስተን የተቀመጠ ተመራማሪ በሽተኛው ሐኪሙን እንዳገኘ ያህል ይደሰታል። የመንዙን ጥያቄ ግን ይመልሳል? መረጃው በውስጡ አለ፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር ደብሩ ተጽፏልና። የተጻፈ ሁሉ ግን የሚገኝ አይደለም። ህንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1931 ባወጣቸው አምስት ሕግጋት እያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢ አለው፣ እያንዳንዱም አንባቢ መጽሐፍ አለው ይለናል። በመካከላቸው ያለውን ድልድይ የሚሠራው ካታሎግ ጸሐፊው ነው። ድልድዩን ከአንድ ዳር ብቻ ጀምሮ ወንዙ መካከል ካቆመው ምን ይባላል? ጀማ ወንዝን በክረምት ያየ የመርሐቤቴ ሰው መልሱን አይጠይቀንም።

ነገሩን በስሙ እንጀምረው። መንዝ በላቲን ፊደል እንዴት ይጻፋል? አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1965 ባሳተመው የታወቀ መጽሐፉ ከኤም ቀጥሎ «ኤ» የምትባለውን ፊደል አድርጎ ጻፈው። የመንግሥት ካርታና ደብዳቤ «ኢ» የምትባለውን ያደርጋል። በ2003 እና በ2014 መካከል በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤትዮፒካ ደግሞ «ኤ» ላይ ሁለት ነጥብ ይጭናል። ሦስቱም የሚሉት መንዝ ነው። በካርድ መሳቢያ ዘመን ቢሆን ሦስቱ በሦስት ቦታ ይቀመጣሉ፤ ሦስተኛዋን የማያውቅ ሰው ሁለቱን አይቶ «የለም» ብሎ ይሄዳል። (በነገራችን ላይ የሌቪን መጽሐፍ ርእሱ ሰምና ወርቅ ስለሆነ የቅኔ መጽሐፍ መስሎት ከሥነ ጽሑፍ መደርደሪያ የሚፈልገው ሰው አይታጣም። መጽሐፉ የኅብረተሰብ ጥናት ነው፤ የመንዝን ባላገር ኑሮ የሚያህል ሰፊ ቦታ የያዘ ነገር በውስጡ ጥቂት ነው። ከርእሱ ላይ ግን መንዝ የሚል ቃል የለም።)

አውራጃውስ? ካታሎጉ በተጻፈበት ዘመን «መንዝና ግሼ አውራጃ»፣ «መርሐቤቴ አውራጃ» ይባል ነበር። ዛሬ አውራጃ የሚባለው እርከን የለም። ሰሜን ሸዋ ዞን አለ፤ ከሥሩ መንዝ ጌራ ምድር፣ መንዝ ማማ ምድር፣ መንዝ ላሎ ምድር፣ መንዝ ቀያ ገብርኤል፣ ግሼ ራቤል፣ መርሐቤቴ የሚባሉ ወረዳዎች አሉ። መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ተቀምጦ የወረዳውን ቅርስ የሚመዘግብ የባህል ቢሮ ሠራተኛ መዝገቡን የሚከፍተው በወረዳው ስም ነው። ካታሎጉ ደግሞ የሚያውቀው አውራጃውን ነው። አንዱ የሚጠይቅበት ቋንቋ ሌላው የሚመልስበት ቋንቋ አይደለም፤ ሁለቱም ግን ስለ አንድ ደብር፣ ስለ አንድ ብራና ይነጋገራሉ።

የሚገርመው መንዞች ራሳቸው በምደባ የታወቁ ሰዎች መሆናቸው ነው። አገሩ በማማ፣ በላሎና በጌራ ስም በሦስት መከፈሉን፣ ሦስቱም መሬቱን የተካፈሉ አባቶች ስም መሆኑን ማንም የመንዝ ሽማግሌ ይነግረናል። በአጽመ ርስት ዘመን ባለርስቱ መሬቱን የሚያገኘው ትውልዱን ቆጥሮ ነበር። ከእኔ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ አያቴ፣ እስከ አቅኚው አባት ድረስ፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ መሬቱ። ይህ ሥርዓት አንድን ቁራሽ መሬት በብዙ መንገድ ለማግኘት ያስችላል፤ በአባት በኩል የጠፋው በእናት በኩል ይገኛል። አንድ ነገር በብዙ በር ይገባበታል። ካታሎግ ጸሐፊ ሁሉ የሚመኘው ይህን አይደለም? የመንዝ ብራና ግን ወደ ካታሎጉ ሲገባ አንድ በር ብቻ ተተወለት፤ ያውም በር የመጣበት ወረፋ ቁጥር ሆነ።

የሰው ስምም እንዲሁ ነው። ለመሆኑ ጌታቸው ኃይሌ በየትኛው ፊደል ይፈለጋሉ? በአገራችን የስልክ ማውጫ እንኳ ሰው የሚፈለገው በራሱ ስም ነው፤ አባቱን የምንጠይቀው ሁለት ጌታቸው ሲገጥመን ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ይህን ተረድቶ ስማቸውን በጌታቸው ጀምሮ መዝግቦታል። ብዙ የፈረንጅ ጸሐፊዎች ግን ዛሬም በየመጽሐፋቸው መጨረሻ «ኃይሌ» ብለው ኮማ አድርገው «ጌታቸው» ይላሉ። እንዲህ ሲሆን የብዙ ሺህ ብራናዎችን ባለቤት ስም በትክክል ያስቀመጡት ሰው የራሳቸው ስም ለሁለት ተከፍሎ ይኖራል። የብራናዎቹ አስጻፊዎች ነገርማ ምኑ ቅጡ! አንዱ ባላባት በዓለም ስሙ፣ በክርስትና ስሙ፣ በፈረስ ስሙ ይጠራል። ሦስቱን አንድ ሰው ናቸው ብሎ የሚያያይዝ ማውጫ ከሌለ አንዱ ባላባት ሦስት ሰው ሆኖ ይቀራል።

ዓለም አቀፉ ምደባ በዚህ ላይ የሚጨምርልን ጥቂት ነው። ሜልቪል ዱዊ በ1876 ያወጣው አሥርዮሽ ምደባ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87ን ሰጥቶ ከዕብራይስጡ 892.4ና ከዐረብኛው 892.7 ጎረቤት አድርጎታል። በቋንቋ ዘር ካየነው ልክ ነው። የኦሮምኛ ሥነ ጽሑፍ ግን ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር ወደ 893 ይሻገራል። በአንድ ገበያ የሚገናኙ ሰዎች ግጥም በሁለት መደርደሪያ። እሺ ይሁን፤ መደርደሪያ ነው፣ ከአንድ በላይ ቦታ መቆም አይችልም። ማውጫ ግን እንደ መደርደሪያ አይደለም፤ ከአሥር ቦታ ሊጠቁም ይችላል። በማውጫ የሚታለፍ ነገር ይቅርታው ትንሽ ነው።

አሁን አንዳንድ ወዳጆቻችን «ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ የካርድ ዘመን ጭቅጭቅ ነው፤ ዛሬ ኮምፒውተር አለ፤ ቃሉን ጽፈህ ትፈልጋለህ፣ አለቀ» ሲሉ ይሰሙኛል። አላለቀም። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ፊደላችንን ያውቃል። ፊደላችንን ማወቅና እኛ እንዴት እንደምንጽፍ ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው። መርሐቤቴን ስንጽፍ አንዳችን በሐመሩ ሐ፣ አንዳችን በሃሌታው ሀ፣ አንዳችን በብዙኃኑ ኀ እንጽፋለን። ማሽኑ ሦስት አገር ነው ብሎ ያምናል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። ሊቁ «በየቦታው ጻፉት፣ ትርጉም አለው» ይላል፤ ትክክል ነው። ፈላጊው ግን ሊቁ እንዴት እንደጻፈው አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

ተራውም ቢሆን ክርክር አለበት። አብዛኞቻችን የምንቆጥረው በሀ ሁ ሂ ነው። ነገር ግን በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በአበገደ የተደረደረ ነው፤ በ1962 ዓ.ም. የወጣው የደስታ ተክለ ወልድ ያማርኛ መዝገበ ቃላትም ያንኑ ተከትሏል። በሁለቱ መጻሕፍት ያለው እውቀት ተራራ ነው። ተማሪው ግን መጽሐፉን ከፍቶ መጀመሪያ ላይ ሀን ፈልጎ ሲያጣ ተራራው ሥር ይደናገራል። ስለዚህ «በፊደል ተራ እናድርገው» ማለት ብቻውን መልስ አይደለም፤ በየትኛው ተራ የሚል ጥያቄ ይከተለዋል።

ከዚያ የቃሉ እርባታ ይመጣል። ከመንዝ፣ በመንዝ፣ የመንዝ፣ ስለመንዝ፣ መንዜ፣ መንዞች። ለሰው አንድ ቃል ናቸው፣ ለማሽን ስድስት። ይህን ለመፍታት ነጋ ዓለማየሁ ከፒተር ዊሌት ጋር ሆኖ በ2002 የአማርኛን ቃል ከነባዕድ መነሻውና መድረሻው ገፎ ግንዱን የሚያወጣ ዘዴ አሳተመ፤ በ2003 ደግሞ ዘዴው ለመረጃ ፍለጋ ምን ያህል እንደሚጠቅም የተፈተነበትን ጽሑፍ አወጡ። በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤትም በአማርኛ ፍለጋ ላይ የሚሠሩ ተማሪዎችን አፍርቷል። የከበረ ሥራ ነው። ሆኖም ቃልን ያለ መዝገበ ቃላት በጭፍን የሚገፍ ማሽን ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። ከ፣ በ፣ የ፣ ለ መነሻ ናቸው ብሎ ይነሣና ከከበደ ላይ ከን ገፎ «በደ» ያደርገዋል፤ በቀለን «ቀለ»፣ የማነን «ማነ»። አስጻፊዎቹ ባላባቶች ስማቸውን ከሌባና ከፋቂ ያስጠበቁት በውግዘት ነበር፤ ለማሽን ግን ውግዘት አይሠራም።

ግሼ ላይ ስንደርስ ነገሩ ወለል ብሎ ይታያል። ግሼ የመንዝ ጎረቤት ነው፤ ሰሜን ሸዋ። ግሸን ማርያም ደግሞ ወሎ ውስጥ አምባሰል ነው፤ የግማደ መስቀሉ ቦታ፣ በመጽሐፉም በገዳሙም ስመ ጥር። የቃሉን መጨረሻ ቆርጦ የሚፈልግ ሰው ግሼን ብሎ ግሸንን ያወጣል። በላቲን ፊደል ቢሆን ምልክቶቹ በረገፉበት ጽሑፍ ሁለቱን የሚለያቸው አንዲት ፊደል ናት። በእንግሊዝ አገር በክራንፊልድ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ60ዎቹ በሲረል ክሌቨርደን የተካሄዱት የታወቁ ሙከራዎች ያስተማሩን ነገር ቢኖር ይኼ ነው። የፍለጋ መረቡን ብታሰፋው የምትፈልገው አይቀርብህም፤ ግን የማትፈልገው ይከመርብሃል። ብታጠበው ጥቂት ንጹሕ ነገር ታገኛለህ፤ ግን ስንት እንዳመለጠህ አታውቅም። ግሼን የሚፈልግ ሰው መረቡን ባሰፋ ቁጥር ግሸን ማርያም ትውጠዋለች። ታላቅ ጎረቤት ያለው ትንሽ ደብር ዕጣው ይህ ነው።

ከዚህ መከራ የሚያወጣው መንገድ ማኮምበር ለተአምራቱ ያደረገው ነው፤ ከፊደሉ ነጻ የሆነ መለያ መስጠት። በ2016 በሐምቡርግ የተጀመረው ቤተ መጻሕፍት የተባለው የጥናት ሥራ ለእያንዳንዱ የግእዝ ድርሰት መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ርእሱ በየብራናው ቢለዋወጥም ድርሰቱ አንድ ሆኖ ይገኛል። ለቦታም እንዲሁ መዝገብ አለው። ኮሌጅቪልም ፊልሞቹን ወደ ዲጂታል እየለወጠ ከእነገለጻቸው በነጻ ለአንባቢ አቅርቧል። ድሮ ሚኔሶታ ድረስ መሄድ ወይም አዲስ አበባ ፊልም ማንበቢያ ላይ መጎንበስ ያስፈልግ የነበረው ዛሬ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ይታያል። ትልቅ ነገር ነው። መግቢያው በር ግን አሁንም የላቲን ፊደልና እንግሊዝኛ ነው። ከእጁ ላይ ያለውን ብራና በግእዝ የሚያነብ፣ በአማርኛ የሚተረጉም መሪጌታ የገዛ ደብሩን መጽሐፍ ለማግኘት በቅድሚያ ነጥብ የተጫነበት «ኤ» መማር አለበት። ዐዋቂው ሰው በበሩ ላይ ማይም ይሆናል። በእኔ አስተያየት የአሥሩ ቅጾች ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ቁጥሩ አይደለም፣ ልኬቱም አይደለም። ጌታቸው ኃይሌን የሚያህል የአማርኛና የግእዝ ብዕር ካታሎጉን የያዘው ሆኖ ሳለ ከሥራው ጋር አንዲት ቀጭን የአማርኛ ማውጫ አልተወለደችም።

ጉዳዩ የክብር ጉዳይ ብቻም አይደለም። ብራና ይሰረቃል። ከዕቃ ቤት የወጣ መጽሐፍ በውጭ ገበያ ላይ ቢታይ የእኛ ነው ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃው ቁመቱ፣ ቅጠሉ፣ በኅዳጉ ያለው የአስጻፊ ስም፣ የፊልሙ ሥዕል ነው። ይህ ሁሉ ኮሌጅቪል አለ። ግን ደብሩ የራሱ መጽሐፍ በ1970ዎቹ ወይም በ80ዎቹ ፊልም እንደተነሣ ካላወቀ፣ ወይም ቢያውቅ ቁጥሩን ካልያዘ፣ ማስረጃው የማን ማስረጃ ይሆናል?

ሥራው የሚያስፈራ አይደለም። አሥሩ ቅጽ አለ፤ ከ5000 በላይ ላሉትም የኮሌጅቪል መዝገብ አለ። ሦስት አራት ተማሪ ለአንድ ክረምት ተቀምጦ የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ደብሮች አንድ በአንድ ቢያወጣ የሚወጣው ዝርዝር ይህን ቡለቲን የሚያህል ነው። በአማርኛ ፊደል፣ በሀ ሁ ተራ፤ የደብሩ ስም ከነታቦቱ፣ የድሮው አውራጃና የዛሬው ወረዳ ጎን ለጎን፣ ከዚያ የፊልሙ ቁጥር፣ የመጽሐፉ ስም ካህናቱ እንደሚጠሩት፣ በኅዳጉ የተገኙ ሰዎች ስም። መርሐቤቴ በሐ ይጻፍ፤ በሀ እና በኀ ለሚፈልገውም ወደዚያው የሚመራ መሥመር ይቀመጥለት። በስቴንስል ተባዝቶ አንድ አንዱ ለመሐል ሜዳ፣ ለሞላሌ፣ ለራቤልና ለዓለም ከተማ ቢላክ፣ ገበዙ ከወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ካለው የድሮ ቁጥር ጋር ያመሳክረዋል። የጎደለ ካለ ያን ጊዜ ይታወቃል። ለጀማሪው ግን ከግሼ መነሣት ይሻላል፤ ደብሮቹን በመጀመሪያ ከግሸን ለይቶ።